የኮሚቴ ኖቲፊኬሽን፦ ጠባዩና አያያዙ

ኖቲፊኬሽን ለአንድ የኮሚቴ አባል የተሰጠውን ሥራ፣ ሥራው ያልተሰጣቸው አባላት ሁሉ እንዲሰሙት የሚያደርግ አጭር የስልክ ድምፅ ነው። በኮሎራዶ የሚገኘው በዴንቨር፣ በአውሮራና ከዴንቨር በስተሰሜን በምትገኘው በቶርንተን ባሉ የእድር፣ የማኅበርና የበዓል አዘጋጅ ኮሚቴዎች ዘንድ ሲሆን፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ በብዛት ይሰማል።

ቀዳሚው የእድር ጡሩምባ ነው። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ጡሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። መሣሪያው ሁለት ባሕርያት አሉት። ድምፁን መቀነስ አይቻልም፤ ሰምቶ የቀረም ሆነ አልሰማሁም ያለ ደግሞ ይቀጣል። ቅጣቱ በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል፤ ጸሐፊውም መዝገብ ይዞ ስም ይጠራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ባሕርይ ለማሻሻል ብዙ ሲደክሙ ሁለተኛውን ዘንግተውታል።

ሥራ በካርድ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር ትሬሎ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የመልእክት መለዋወጫው ስላክ በ2014 ለሕዝብ ቀረቡ። ስላክ የቻነሉን አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚጠራ ትእዛዝ አለው፤ ሰው በዛ ሲልም መልእክቱ ከመላኩ በፊት ላኪውን እርግጠኛ መሆኑን ይጠይቀዋል። ጡሩምባ ነፊ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ሌላው የሥራ ማከፋፈያ አሳና በበኩሉ አንድ ሥራ በአንድ ሰው ስም ብቻ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። ይህ ሕግ ለሐበሻ ኮሚቴ ይከብዳል። «ድንኳን መከራየት» የሚለው ሥራ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ ሌሎቹ ተናቅን ይላሉ፤ በሁሉም ስም ከተጻፈ ድንኳን አይኖርም።

ሶፍትዌሩን ወደ ኮሚቴው የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ዴንቨር መሀል ከተማ ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው። ሥራዎቹን በየካርዱ ይጽፋል፣ ቀን ይቆርጥላቸዋል። ቀጥሎ ካርዱን ፎቶ አንስቶ በዋትስአፕ ግሩፕ ይለጥፋል፤ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ አባል እየደወለ «መልእክቱ ደረሰዎት ወይ?» ይላል። በዚህ መንገድ አንድ ኖቲፊኬሽን ሦስት ይሆናል።

የግሩፑን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጸሐፊዋ ማታ «ድንኳኑን የያዘው ሰው አለ?» ብላ ትጽፋለች። የመጀመሪያው መልስ «እንደምን አመሻችሁ ውድ የኮሚቴያችን አባላት» የሚል ነው። ሁለተኛው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» ይላል። ሰላምታው ሁሉንም እስኪያዳርስ ስልኩ ይጮኻል። በመሀል የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ይገባል፤ ዕለቱ 12 ባይሆንም። ከዚያ ሦስት ሰዎች አውራ ጣት ይልካሉ። አውራ ጣቱ «አይቻለሁ» ይሁን «እሺ» ወይም «ሌላ ሰው ይሥራው» ይሁን አጥኚዎች አልተስማሙም። ድንኳኑ ግን አልተያዘም።

ሰዓት ራሱን የቻለ ችግር ነው። ካርዱ ላይ «ስብሰባ 3 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ አዛውንቶቹ ጠዋት፣ ወጣቶቹ ከቀትር በኋላ ይመጣሉ፤ ሁለቱም በሰዓታቸው ተገኝተዋል። አዲስ አበባ ያለ አባል ሲጨመር ጉዳዩ ይወሳሰባል። በዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተላከ መልእክት ቶርንተን የሚደርሰው በበጋቸው ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፤ ኮሎራዶ በዓመት ሁለቴ ትቀይራለች።

ከቶርንተን አውሮራ ወዳለው ሃቫና መንገድ ለስብሰባ የሚነዳ አባል ሌላም ሕግ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በኮሎራዶ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ክልክል ነው፤ የመጀመሪያው ጥፋት 75 ዶላርና 2 የመንጃ ፈቃድ ነጥብ ያስከፍላል። ከኮሚቴው መካከል አየር ማረፊያ ሲመላለስ የሚውል ሾፌር ስለማይጠፋ፣ አንድ ሰው በክፍለ ግዛቱ ሕግ ኖቲፊኬሽን በማየቱ፣ በእድሩ ደንብ ደግሞ ባለማየቱ ሊቀጣ ይችላል።

ዋትስአፕ ድምፅ ለመዝጋት 8 ሰዓት፣ 1 ሳምንትና «ሁልጊዜ» የሚሉ ምርጫዎች አሉት። አባላት የሚመርጡት ሦስተኛውን ነው። ከግሩፑ መውጣት ግን ነውር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የመውጣቱ ማስታወቂያ የሚደርሰው ለአድሚኑ ብቻ ቢሆንም፣ አድሚኑ ብዙ ጊዜ የወጣው ሰው አማች ነው።

ለአያያዙ የሚመከረው ይህ ነው። ሰላምታና ሥዕል በአንድ ግሩፕ፣ ሥራ በሌላ ይሁን። በሶፍትዌሩ ውስጥ የራስ ስም ሲጠራና ቀነ ገደብ ሲደርስ ብቻ እንዲጮኽ አድርጎ ቀሪውን መዝጋት ይበቃል። ሰዓት ሲጻፍ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ይታከልበት፤ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ይጠቀስ። ለድንኳኑ አንድ ሰው ይሰየም፤ የተናቁት በኋላ ይቅርታ ይጠየቃሉ። ቅጣትም በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ፤ ትሬሎም፣ አሳናም፣ ስላክም ቅጣት የሚቆርጥ ቁልፍ የላቸውም። ገንዘቡን በገንዘብ መላኪያው በዜል መሰብሰብ ይቻላል፤ ገቢ ሲሆን ለገንዘብ ያዡ ኖቲፊኬሽን ይደርሰዋል፤ የዚያኛውን ድምፅ አይዘጋውም።