የዘንድሮ ጭራቅ

ጭራቅ ድሮ ሥራውን ያውቅ ነበር። ይመጣል፤ ይበላል፤ ይሄዳል። ለምን እንደሚበላ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ቢጠየቅም አፉ ሙሉ ነው። የዘንድሮው ጭራቅ ግን ደጃፍ ሳይረግጥ ስለ ልጅነቱ ማውራት ይጀምራል። እናቱ እንዴት እንደጣለችው፣ አብሮ አደጎቹ እንዴት እንዳገለሉት፣ ሌሊት ሌሊት እንዴት እንደሚከፋው ሲዘረዝር ሰባት ክፍል ይፈጃል፤ በስምንተኛው አንድ ሰው ይነክስና ይቅርታ ይጠይቃል። የልጅ ልጆቼ ይህን አስፈሪ ፊልም ይሉታል። ለእኔ ለቅሶ ቤት ነው፤ ያውም ንፍሮ የሌለው።

ፍርሃቱን አልጠላሁም። ከፍርሃቱ ጋር ይመጣ የነበረውን ሳቅ የወሰደው ማን ነው? በወጣትነቴ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ሽፋናቸው የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መድበሎች እየገዛሁ አነብ ነበር። ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ፤ መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ ግን እግሬን ከብርድ ልብሱ አላወጣም። ሁለቱንም የሚያደርገው ያው አንድ ታሪክ ነው።

ፍሬድሪክ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ጋዜጣ ላይ አራሚ ሆኖ የሠራ ነውና እጁ ትርፍ ቃል መሰረዝ ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው «መልስ» የተሰኘ ታሪኩ ከአንድ ገጽ ብዙም አይዘልም። የ96 ቢሊዮን ፕላኔቶች ኮምፒውተሮች በሙሉ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ አንዱ ሊቅ ተነሥቶ እግዚአብሔር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ማሽኑም ከዚህች ሰዓት ጀምሮ እንዳለ ይነግረዋል። አብሮት ያለው ሊቅ ሊያጠፋው ሲሮጥ ደመና ከሌለበት ሰማይ መብረቅ ወርዶ እሱን ይጥለዋል፤ ማጥፊያውንም እንደበራ አቅልጦ ያጣብቀዋል። አለቀ። የዛሬ ደራሲ በአንድ ገጽ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ቅንድብ ገልጾ አይጨርስም።

እኛም ብንሆን ማሳጠር እናውቅበት ነበር። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። እንግዳ አለ፣ መኝታውን የሚበላ እንግዳ፤ ምንም ያልጠረጠሩ ባለቤቶችም አሉ፤ ሲነጋ ቁርበቱም ባለቤቶቹም የት እንደደረሱ የሚነግረን የለም። ይህን ዛሬ ለፊልም ሠሪ ብትሰጡት ታሪኩን ከጅቡ አያት ይጀምርላችኋል።

ከሁሉም አንጀቴን የሚያርሰኝ ሮበርት ሼክሊ ነው። «ወችበርድ» (ጠባቂ ወፍ) የሚለውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 ጻፈው። መንግሥት ነፍስ ግድያን ለማስቀረት ብሎ የሚበርሩ ማሽኖች ይለቃል። ወፏ ሊገድል ያሰበን ሰው ከሩቅ ታውቀዋለች፤ ወርዳም በኤሌክትሪክ ትነዝረዋለች። መልካም ሐሳብ ነው፤ ስብሰባ ላይ ቢቀርብ እኔም እጄን አወጣ ነበር። ክፋቱ ወፎቹ ይማራሉ፤ አንዷ የተማረችውንም ለሌሎቹ ታስተላልፋለች። ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ሲያነሳ ይነዝሩታል፤ በሽተኛው እዚያው ይሞታል። ከዚያ የቄራው ሠራተኛ ተራ ይሆናል፤ ከዚያ ዓሣ አጥማጁ። ሸረሪት እንኳ ዝንብ እንዳትበላ ይከለክላሉ። ሞተር ማጥፋትም መግደል ነው ይላሉ። በመጨረሻ ገበሬው ሰብሉን እንዳያጭድ ይጠብቁታል፤ ተክልም ነፍስ አለውና።

እስቲ ይህን በፋሲካ ዋዜማ አስቡት። ሁለት ወር ገደማ ጾማችሁ፣ በጉ ግቢ ታስሮ፣ ዶሮዋ እግሯ ተጠፍሮ፣ ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እየበሰለ፣ ከጣሪያው በላይ አንዲት ወፍ ትዞራለች። ጎመንም መቁረጥ አይቻልም። ሼክሊ በታሪኩ ፋሲካን አላነሳም፤ እኔ ግን ይህን ሳስብ ከጭራቅ ሁሉ ይልቅ ያቺ ወፍ ታስፈራኛለች። ባለሥልጣኖቹስ ምን አደረጉ? ወፎቹን እያሳደደ የሚገድል ጭልፊት የተባለ ማሽን ሠሩ፤ እሱም መግደልን ብቻ የሚያውቅና የሚማር ነው። የሚቀጥለውን ሼክሊ ሳይተርክ ተወው። እንዲህ ያለ ኮሚቴ አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ፤ ጭልፊት ባይኖረውም።

አንባቢውም ቢሆን አንባቢ ነበር። ደራሲዋ ሸርሊ ጃክሰን «ሎተሪ» የተሰኘ ታሪኳን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1948 ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ አወጣች። መንደርተኛው ተሰብስቦ ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው የወጣላት ሴት በድንጋይ ትወገራለች። በዚያ በጋ ከ300 በላይ ደብዳቤ ደረሳት። የሚሰድቧት ነበሩ፤ ትርጉሙ ምንድን ነው የሚሉ ነበሩ። አንዳንዶቹ ግን ዕጣው የሚወጣው የት እንደሆነና ሄዶ ማየት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቁ። ከታሪኩ ይልቅ ደብዳቤው ያስፈራል፤ ያስቃልም። የዛሬ አንባቢ አውራ ጣት ልኮ ይተኛል።

እንዲህ ከጻፉት አንዳንዶቹ ሞትን በሩቅ የሰሙ አልነበሩም። ሳኪ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1916 ፈረንሳይ ውስጥ ከምሽግ ሳይመለስ ቀረ፤ አነጣጥሮ ተኳሽ መታው። ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1940 አውሮፕላኑን ይዞ ግብፅ በረሃ ላይ ወደቀ፤ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፤ ለጊዜውም ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ተነሥቶ ምን ጻፈ? ባሏን በበረዶ በደረቀ የበግ እግር ገድላ፣ እግሩን ጠብሳ መርማሪ ፖሊሶቹን ስለምታበላ ሴት።

የዚሁ ሰው «ዊሊያምና ሜሪ» እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በታተመው «ኪስ ኪስ» (መሳም መሳም) መድበሉ ውስጥ አለ። ፕሮፌሰሩ ባል ሚስቱን ሲጋራ፣ ቴሌቪዥንና የከንፈር ቀለም ከልክሏት ይሞታል፤ ሐኪሙ ግን አንጎሉንና አንድ ዓይኑን በሳህን ውስጥ በሕይወት ያቆያቸዋል። ሚስትየው መጥታ የሲጋራዋን ጭስ ዓይኑ ላይ ታቦንበታለች፤ ቶሎ ወደ ቤት ልውሰደው ብላም ሐኪሙን ትጨቀጭቃለች። ይህን ለባለቤቴ ስተርክላት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። በመጨረሻ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳህኑ ስንት ያወጣል?

ዳል ስለ ታሪክ የሚደርስ ማሽንም እ.ኤ.አ. በ1953 ጽፎልናል፤ የማሽኑ ባለቤቶች ደራሲዎቹን አንድ በአንድ ያስፈርሟቸዋል፤ የማይፈርም ልጆቹን ያስርባል። የልጅ ልጄ ዛሬ በስልኩ እንዲህ ያለውን ማሽን ያዝዘዋል። «አባባ፣ አስፈሪና አስቂኝ አድርገህ ጻፍ ብዬዋለሁ» ብሎ አነበበልኝ። አላስፈራኝም። ያሳቀኝ ልጁ ራሱ ማዛጋቱ ነው።

አሁን ግን ቤቴ ውስጥ የያዝኩት ጉዳይ የሬይ ብራድበሪ «ዘ ቬልት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣ ታሪክ ነው። ቤቱ ሁሉን ይሠራል፤ ያበስላል፣ ጫማ ያስራል። የልጆቹ ክፍል ግድግዳ የፈለጉትን አገር ያሳያል፤ ልጆቹ የፈለጉት የአፍሪካን ሜዳና አንበሳ ነው። (አንበሶቹ የእኛ አህጉር ልጆች ናቸው፤ ድካሙ የእነሱ፣ ዝናው የብራድበሪ።) ወላጆቹ ነገሩ ከልክ አለፈ ብለው ቤቱን ሊያጠፉት ይወስናሉ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ክፍሉ ውስጥ ይቆልፉባቸዋል። አንበሶቹ ምሳ በሉ፤ ልጅቷም ለመጣው እንግዳ ሻይ አቀረበች።

ልጄ ሰሞኑን ከሥራ መጥቶ፣ ከእንግዲህ ዋይፋዩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የይለፍ ቃሉንም እቀይራለሁ ብሎ አወጀ። ልጆቹ አልጮኹም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ይህን ታሪክ አንብበሃል ወይ አልኩት። ጊዜ የለኝም አለኝ። አዲሱን የይለፍ ቃል እንዳልረሳው ብሎ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ እኔም በዚያው ማታ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ጉልበቴ ታሟል፤ መሮጥ አልችልም።