ጣሪያቸው የሚከፈት ርካሽ የስፖርት መኪኖችን በጂንካ ሜዳ ለመንዳት ስለማሻሻል የወጣ አዋጅ ቁጥር ኤምኤክስ-5

ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪት ጎሳሚ ስላልተገኘ የባጃጅ ክላክስ ሦስት ጊዜ ተደርጎ ሕዝብ ተጠርቷል። የተሰበሰቡት ግን ተሳፋሪ የተገኘ የመሰላቸው ሌሎች ባጃጆች ናቸው። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ብለን ቀጥለናል።

ማዝዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ኤምኤክስ-5ን፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ክብደቷ አንድ ቶን የማይሞላ መኪና፣ ለዓለም ያሳየ በመሆኑ፤

እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ዓለም ሲያጨበጭብ፣ እኛ ጂንካ መናኸሪያ ቆመን ብንጠብቅ አንዲትም ስትገባ ያላየን በመሆኑ፤

ልትመጣ ብትነሳም በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ታክስ የሚጠብቀው በመሆኑ፣ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ በመከልከሉ፤

የሌለንን ነገር በሕግ ማስተዳደር ያለንን ከማስተዳደር እንደሚቀል በልምድ የተረጋገጠ ስለሆነ፤

እኛ፣ ቅዳሜ ገበያ ውለን ከነዘንቢላችን ባጃጅ ተራ የቆምን የጂንካ ተሳፋሪዎች፣ ማንም ሳይመርጠን፣ ስለዚህም ማንም ሊሽረን ሳይችል፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የሸራ ጣሪያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባይጠቀስም ቅር አንሰኝም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፤

«መኪና» ማለት ከላይ የተጠቀሰችው ማዝዳ ናት። ፊያት ከልቡ ያልወጣለት ሰው ቅር እንዳይለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ገበያ የወጣው ፊያት 124 ስፓይደርም ሂሮሺማ ውስጥ በዚችው ማዝዳ አካል ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ በፊያት ሰይቼንቶ ዘመን ያደገ ሁሉ በአዋጁ ተካቷል።

«ርካሽ» ማለት ሻጩ የጠራው ዋጋ ነው። ጎማን፣ ፍሬንንና የመካኒኩን ምሳ አይጨምርም።

«የሜዳ ቀን» ማለት ባለ መኪናው የራሱን መኪና ይዞ፣ የሚከፈለውን ከፍሎ፣ እግረኛና አህያ በሌለበት ዝግ ሜዳ ላይ አቅሙን የሚሞክርበት ቀን ነው። ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም የለውም። ዋንጫ የሌለው ነገር ላይ ሰው ለምን ገንዘብ ያጠፋል ለሚል ጥያቄ አዋጁ መልስ የለውም።

«ማሻሻል» ሁለት ትርጉም አለው። ለባለቤቱ፣ ማርሚታ ቀይሮ ጎረቤት መቀስቀስ ነው። ለሕግ አውጪው፣ መሮጥ የለመደውን መቆም ማስተማር ነው። በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ግጭት ሲፈጠር የሕግ አውጪው ይጸናል። ግጭቱ የሚፈጠረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአጥር ጋር ነው።

«ባጃጅ» ማለት ጣሪያዋ ሸራ፣ ጎኗ ክፍት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የምትገፋውም በኋላ ጎማዎቿ የሆነች ባለ ሦስት እግር ናት። ጀርመኖች ሞተሩን እንዲሁ ከኋላ ያስቀመጡለትን መኪና ፖርሽ 911 ይሉታል፤ እሱ ግን ታፔላ የለውም። በከተማችን ጣሪያው ሸራ የሆነ፣ አንድ ቤተሰብ ቆጥቦ ሊገዛው የሚችልና ባለቤቱ ሌሊት ሳይቀር የሚያሻሽለው ተሽከርካሪ ባጃጅ ስለሆነ፣ ማዝዳዋ እስክትመጣ አዋጁ በባጃጅ ላይ ልምምድ ያደርጋል።

አንቀጽ 3፦ ስለ ሜዳው
ይህ አንቀጽ የከተማችን ኩራት ስለሆነ ረዘም ይላል።

በዓለም ስማቸው ከገነነ የእሽቅድምድም ሜዳዎች አንዳንዶቹ ጡረታ የወጡ አውሮፕላን ማረፊያዎች ናቸው። የእንግሊዙ ሲልቨርስቶን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣዮች ሰፈር ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ መኪና ገባበት፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1950 የፎርሙላ አንድ የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያው ውድድር እዚያ ተካሄደ። ጉድዉድም የቀድሞ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የፍሎሪዳው ሲብሪንግም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያዋን መሐል ከተማ አድርጋ ኖራለች። አውሮፕላን ሲመጣ ሜዳው ላይ ከሚግጡት ከብቶችና ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች ይጸዳ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ ነበር። አዲሱ ማረፊያ ከከተማ ወጣ ብሎ ከተሠራ ወዲህ ሲልቨርስቶን ለመሆን የሚጎድለን ውሳኔ ብቻ ነው። ለቦታው ሌላ ዕቅድ አለ የሚል ወገን ካለ፣ ዕቅድ እስኪፈጸም ድረስ ያለው ጊዜ ለእኛ ስፖርት ከበቂ በላይ ነው።

ሲልቨርስቶን የተነጠፈ ማኮብኮቢያ ነበረው፤ የእኛ ሣር ነው። ስለዚህ ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ ገጥሞ የሚመጣ በበሩ ይመለሳል፤ የጂንካ ዝናብ በወረደበት ሣር ላይ እንዲህ ያለ ጎማ መሪውንም ባለቤቱንም አይሰማም። ከብቶች ከመኪና ቀድመው የሜዳው ነዋሪ ስለሆኑ የቅድሚያ መብት አላቸው። ተነሱ ሲባሉ ለአውሮፕላን እያጉረመረሙ የተነሱ ላሞች ናቸው፤ ለማዝዳ እንዲነሱ የመጠየቅ ድፍረት የለንም።

የሜዳው ቀን ከገበያ ቀን ጋር መጋጨት የለበትም። ሰኞ የቱርሚ፣ ማክሰኞ የዲመካ፣ ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የራበው ሹፌር ፍሬን አዘግይቶ ይይዛል። እሑድ የጸሎት ቀን ነው። ስለዚህ የሜዳው ቀን ጳጉሜን 6 እንዲሆን ተወስኗል። በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ለዝግጅት በቂ ጊዜ ይሰጣል።

በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ጣሪያ ከፍቶ መንዳት በዚህ አዋጅ አልተከለከለም። ክልከላውን የገንዲ ዝንብ ራሷ ታስከብራለች።

አንቀጽ 4፦ ስለ ፈረስ ጉልበት
የመጀመሪያዋ ማዝዳ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ናት፤ ጉልበቷ 115 ፈረስ ገደማ ነው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። አየር በስስት በሚገኝበት ከፍታ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ከ2300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ 90 ፈረስ አይሞላትም፤ ከ1400 ሜትር በላይ ባለችው ጂንካ ወደ 100 ትጠጋለች፤ ኦሞራቴ ስትወርድ ደግሞ 110 ግድም ትደርሳለች። አንድም ብሎን ሳይፈታ! በአዲስ አበባ ጋራዦች የአየር ማጣሪያና ማርሚታ ለማስቀየር ብር የምትበትኑ ሁሉ፣ ያው ገንዘብ በኮንሶና በወይጦ አድርጎ ወደ ዳሰነች ቆላ ያወርዳችኋል። መመለሻው አቀበት ስለሆነ ያገኛችሁትን ፈረስ በመንገድ ላይ እየመለሳችሁ ትመጣላችሁ።

ቤንዚኑን ከየት ታገኛላችሁ ለሚለው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን መንገድ ዳር ጠይቁ። ስለ ጥራቱ አዋጁ ዝም ብሏል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ክብደት
የሜዳ ቀን ሰዎች መኪና ማቅለል ይወዳሉ። ምንጣፉን ይነቅላሉ፤ ሬዲዮኑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ክሪኩንና ስኮርታ ጎማውን ያወርዳሉ። ይህ ሐሳብ የቦዲዎች አገር በሆነው ሳላማጎ ሰሚ እንደማያገኝ እናስጠነቅቃለን። በቦዲ የካኤል በዓል ወጣት ወንዶች ለወራት ተገልለው ወተትና ደም እየጠጡ ይሰነብቱና በክብደቱ የላቀው ይከበራል። አንድ የካኤል ባለ ድል ከሹፌሩ ጎን ቢቀመጥ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ሲያወርድ የከረመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልስለታል። ያልተከበረ ሰው ሊኖር ስለማይገባ፣ የሚወርደው ማቀዝቀዣው ይሁን እንጂ ተሳፋሪው አይሁን።

ስኮርታ ጎማ ማውረድ ግን ከቀይ አፈር ወዲያ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ጎሚስታ የት እንዳለ የሚያውቅ ምክንያቱን አይጠይቅም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጣሪያ
ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ስትገለበጥ ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሸራው አያድንም፤ የመስተዋቱ ፍሬምም ይታጠፋል፤ ከላይ የሚገጠመው ጠንካራ ክዳን እንኳ ለዝናብ እንጂ ለግልበጣ አልተሠራም። ስለዚህ ከወንበሩ ኋላ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የታሰረ የብረት ቱቦ ቀስት የሌላት ማዝዳ ሜዳ አትገባም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከቀስቱ አናት እስከ መስተዋቱ ፍሬም ቀጥ ያለ ዱላ ይጋደማል፤ ሄልሜት ያደረገው ሹፌር ጭንቅላት ከዱላው በታች መሆን አለበት። ዱላው የሙርሲዎች የዶንጋ ዱላ ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱ ይበቃል፤ ቀጥተኛነቱም አያጠያይቅም።

«የሐመር ጎረምሳ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን ይሮጣል፤ እኔ ለምን ሄልሜት አደርጋለሁ?» የሚል ይግባኝ ተቀባይነት የለውም። የሐመሩ ልጅ ያን የሚያደርገው ከእሱ በፊት የዘለሉ ጎረምሶች ከብቶቹን በቀንድና በጅራት ይዘውለት ነው። የእናንተን ማዝዳ ማን ይይዝላችኋል?

አንቀጽ 7፦ ስለ ፍሬን
አዋጁ የወጣው ለዚህ አንቀጽ ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚውጠው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በመንገድ ላይ ለዓመታት ያላስቸገረ ፍሬን ሜዳ ላይ ጥቂት ዙር ሲዞር ይሸታል፤ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ጥፋቱ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ከ155 ዲግሪ በላይ ዋስትና የለውም። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሹፌሩ በዚያች ሰዓት «ፍሬን በጠሰ» ይላል። አልበጠሰም፤ ዘይቱን ስንት ዓመት እንዳልቀየርከው ለማስታወስ የመረጠው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከማርሚታ፣ ከቸርኬ፣ ከቀለምና ከተለጣፊ ጽሑፍ በፊት አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራና ያልደረቀ ጎማ ይቀድማሉ። ይህን ያላሟላች ማዝዳ፣ 115 ፈረስ ቢኖራትም፣ ዱር የተለቀቀ መንጋ ናት።

አሁን ወደ ባጃጅ እንምጣ። ወንድሞቻችን የባጃጅ ሹፌሮች የከተማችን ቀንደኛ አሻሻዮች ናቸው። ከወንበር ሥር የሚያጓራ ስፒከር፣ በሸራው ዙሪያ የሚብለጨለጭ መብራት፣ ዘርፍ ያለው መጋረጃ፣ በመስተዋቱ ላይ ግማሽ እይታ የሚጋርድ ጥቅስ፤ ሁሉንም አይተን አድንቀናል። ለስፒከር የሚወጣው ብር የፍሬን ሸራ ስንት ጊዜ እንደሚያስቀይር ማስላት ግን አልወደዱም። ባጃጅ ከፊት አንድ እግር ብቻ አላት። መሪ አጥፎ እያለ ፍሬን የረገጠ ሹፌር ክብደቱን ሁሉ ወደዚያች አንድ እግር ይጥላል፤ ድጋፉ እዚያ ጠባብ ስለሆነ ባጃጇ በጎኗ ትተኛለች። ስለዚህ ፍሬን ቀጥ ብለህ ትይዛለህ፤ ከዚያ ለቀህ ትጠመዝዛለህ። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚማሩት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። አራት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና ሁለት ዶሮ ለጫነ ደግሞ እጥፍ ይሠራል።

አንቀጽ 8፦ ስለ መቅደም
በሜዳ ቀን የሚቀደመው ከፊት ያለው እጁን አውጥቶ በዚህ በኩል እለፍ ሲል ብቻ ነው። በከተማችን እጅ የሚወጣው ተሳፋሪ ሲታይ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ እስኪለመድ ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆያል።

አንቀጽ 9፦ ስለ ፎቶ
መኪናዋን ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ በአካባቢው ልማድ መሠረት በየፎቶው ይከፍላል። ገቢው የሜዳው ነዋሪ ለሆኑት ላሞች ነው። ከመኪናዋ ጎን ቆሞ የራሱን ፎቶ የሚያስነሳው ባለቤት እጥፍ ይከፍላል።

አንቀጽ 10፦ ቅጣት
ይህን አዋጅ የጣሰ ሹፌር በራሱ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው እየነዳለት፣ ስፒከሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ባለችው የፍሬን ሸራ ቁልቁለት ይወርዳል። «ቀስ በል!» ማለት አይፈቀድለትም፤ እኛም ስንል ሰምቶን አያውቅም።

አንቀጽ 11፦ የተሻሩ ልማዶች
«ክላክስ ካለ ፍሬን ምን ያደርጋል» የሚለውና ይህን የሚመስል ማንኛውም ልማዳዊ አሠራር ተሽሯል።

አንቀጽ 12፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ የመጀመሪያዋ ማዝዳ ጂንካ ከገባችበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። አንቀጽ 7 ግን ከዛሬ ጀምሮ በባጃጆች ሁሉ ላይ የጸና ነው። ወንድማችን ሹፌር፣ ከሚመጣው ቅዳሜ ገበያ በፊት ጎማዎችህን አስፈትተህ የፍሬን ሸራህን አሳይ፤ ካለቀ አስቀይር፤ ስፒከሩ ይቆይ።