ለግመሊቱ ቀጠሮ ይያዝላት

ሐምሌ በገባ ቁጥር ከለንደንና ከዱባይ፣ ከሚኒያፖሊስና ከአዲስ አበባ ወደ ሶማሌላንድ ከተማ ወደ ሐርጌሳ የሚጎርፈው የዕረፍት እንግዳ ሻንጣውን ከመኪናው ሳያወርድ የሚያቀርብልኝን ጥያቄ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስለ ዘመድ ጤንነት አይጠይቅም፣ ዝናም መዝነቡንም አይጠይቅም፤ «ወደ ገጠር ስንወጣ ፋይን ዳይኒንግ (የረቀቀ ማዕድ) ያለው የት ነው?» ይላል። ይህ በገጠር የረቀቀ ማዕድ የመፈለግ ልማድ ከዓመት ወደ ዓመት እየጸና እንጂ እየላላ ስላልሄደ፣ እኔም በከንቱ ከምቆጣ የሚገባውን ውዳሴ ላደርስለት ቈርጬ ተነሥቻለሁ።

አስቀድሞ የልማዱ አበው ይመስገኑ። እ.ኤ.አ. በ1900 የመኪና ጎማ የሚሠሩ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ሰው አብዝቶ በተጓዘ መጠን ጎማው ፈጥኖ እንደሚያልቅ በጥበባቸው ተገንዝበው፣ ሚሸሊን የተባለውን የመንገድ መምሪያ አሳትመው በነጻ አደሉ፤ በ1926ም ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመሩ። ሰብአ ሰገል ኮከብ ተከትለው እስከ ቤተ ልሔም እንደ ተጓዙ፣ የዛሬውም መንገደኛ ኮከብ ተከትሎ እስከ ምሳው ይጓዛል፤ ልዩነቱ እነዚያ ከግርግም ሲደርሱ የጠረጴዛ ልብስ አለመጠየቃቸው ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ግን ኮከቡ እስከ ዛሬ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወዲህ አለመሻገሩ ነው።

ኮከብ የጎደለው ይህ አገር ለእንግዳ የሚያቀርበው ማዕድ ምንኛ ያልሠለጠነ እንደ ሆነ ልናገር። ጠዋት የግመል ጉበት በትኩሱ ይጠበሳል፤ ቀትር ላይ የፍየል ሥጋ በሩዝ ላይ ተከምሮ ሙዝ ይታከልበትና ሁሉም ከአንድ ትሪ በእጁ ይበላል፤ በርበራ የወረደም ከባሕር የወጣ ዓሣ ያገኛል። ሜኑ የለም፤ ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ምግቡ ያጠግባል! የረቀቀው ማዕድ ይህን ነውር አስወግዶ፣ ከሰፌድ በሰፋ ሳሕን መካከል አንዲት የሥጋ ቁራሽ አኑሮ፣ ዙሪያዋን ሦስት የሶስ ጠብታ ያንጠባጥብላታል፤ ባሕታውያን በምድረ በዳ በነጻ የደረሱበትን መዐርግ እንግዳው በዶላር ይገዛዋል።

የልማዱ ፍጹምነት የሚገለጠው ግን በግመል ወተት ላይ ነው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር የወይን ጠጅ ሊቅ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር፣ ሊቅነቱ ወደ ወተት መሻገር ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ግመል ግልገሏ አጠገቧ ቆሞ ካልጠባት በቀር ወተቷን በቀላሉ አትለቅም፤ በለቀቀችም ጊዜ ቸርነቷ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። እንግዲህ እራቱ ለምሽቱ ሁለት ሰዓት ከተቀጠረ፣ ቀጠሮው ከእንግዳው ጋር ብቻ ሳይሆን ከግልገሉም ጋር መያዝ አለበት። ስለዚህ ግልገሉ «ሊቀ ማዕድ» ተብሎ በደመወዝ ይሾማል፤ ክራባት አስሮም ከበር ይቆማል። እረኛው ደግሞ ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ የግመሊቱን የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ፣ በዚያን ዕለት ከየትኛው ግራር እንደ ቀነጠበች፣ የወተቱም ዕቃ በየትኛው እንጨት እንደ ታጠነ በአርምሞ ለሚያዳምጠው ማኅበር ያስረዳል። (እረኛው ይህን ሁሉ ያለ ጓንትም ያውቀዋል፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም።) ነገር ግን ግልገል ዕድሜውን ሁሉ አይጠባምና ዓመት ሲሞላው ወይም ጥቂት ሲያልፈው ጡረታ ይገባዋል፤ ጡረታው ሲዘገይ አቤቱታ ያቀርባል፤ በአቤቱታውም ከአራቱ ጡቶች ሁለቱ በአርብቶ አደሩ ልማድ የግልገሉ ድርሻ ሆነው ሳለ፣ እነዚያው ሁለቱ «የሼፉ ልዩ ስጦታ» ተብለው ለእንግዳ መቅዳታቸውን ይገልጣል። ክርክሩ ሲበረታ የግልገላት ጉዳይ ሚኒስቴር ይቋቋማል፤ ሚኒስቴሩም ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ ከእንግዲህ ኮከብ ሰጪዋ ግመሊቱ እንድትሆን ይደነግጋል፤ እርሷም ለማንም እንግዳ ከአንድ ኮከብ በላይ አልሰጥም ብላ፣ እርሱንም በእርግጫ ትሰጣለች።

የቀሩትን በረከቶች በአጭሩ ልለፍ። የበርበራ ሰው የሐምሌን ሐሩር ሸሽቶ ወደ ሼክ ተራራ በሚወጣበት ወራት፣ የእኛ እንግዳ በባሕር ዳር ጥላ ሥር ማዕድ ፍለጋ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፈው ወላፈን ይወርዳል። በመንገዱ የላስ ጌል ዋሻዎች አሉ፤ አንገታቸው በኅብረ ቀለም ያጌጠ፣ ብዙ ሺህ ዓመታት ያስቆጠሩ የላሞች ሥዕሎች አሉባቸው፤ ምሳ እንዳይረፍድበት ሳይቆም ያልፋቸዋል። ምግቡ ሲመጣም ፎቶግራፍ አንሥቶ እስኪጨርስ ይቀዘቅዛል።

አንድ ነገር ግን ያለ ሽሙጥ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ድርቅ መንጋን በጨረሰበት አገር ፍየል ማረድ ቀላል ነገር አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው፣ አክስቱ ፍየል አሳርዳ ሥጋው ገና በድስት ሳለ፣ «አክስቴ፣ ምሳ ሌላ ቦታ ይዘናል» ብሎ ሲነሣ አይቻለሁ። ይህ ነውር ነው። ረቂቅነትም፣ ሥልጣኔም አይደለም፤ ነውር ነው። ሴትዮዋ ምንም አላለችም፤ ልጆቹን ጠርታ ሥጋውን ለጎረቤት ላከች።

እንግዲህ ኮከብ ካላየ እህል የማይወርድለት ሰው ከሐርጌሳ አይውጣ፤ በከተማው ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያላቸው ሆቴሎች አሉለት፤ እዚያ ተቀምጦ ሳሕኑን ፎቶ ያንሣ። በገጠር ለተጠራ ግን ሥርዓተ ማዕዱ አጭር ነው፤ እጁን ይታጠብ፣ በቀኙ ይብላ፣ ሲጠግብ ተመስገን ይበል፤ አስተያየቱን የጠየቀው የለም።