የአባ ብሮሹር ፈረሶች

የመኪና አምራቾች ስም በከንቱ እየጠፋ ነውና ዛሬ እኔ ጠበቃ ልቁምላቸው። በብሮሹር የተነገረውን አምኖ በመንዳት ፈንታ፣ የገዛውን መኪና ወስዶ የሚያስለካ ደንበኛ በበዛበት ዘመን አምራች መሆን እንዴት ያለ መከራ ነው!

የማዝዳን ነገር ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሚያታ የተባለችውን ባለሁለት ወንበር ክፍት መኪና ለአሜሪካኖች ሲያቀርብ 155 የፈረስ ጉልበት አላት ብሎ ጻፈ። ኋላ ሲጣራ 142 ሆነ። 13 ፈረስ ከበረት ቢጠፋ በድሮው ሥርዓት አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ አውጫጭኝ በተቀመጠ ነበር። ማዝዳ ግን ጨዋ ነውና ያልተስማማው መኪናውን ይመልስልኝ፣ ያስቀረው ደግሞ 500 ዶላርና በዋስትናው ዘመን ነጻ ሰርቪስ ይውሰድ አለ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ አንዱ ፈረስ 38 ዶላር ከሳንቲም ይመጣል። በዚህ ዋጋ ፈረስ የሚሸጥበትን ገበያ የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አርኤክስ-8 መጣች። መጀመሪያ 250 ተባለላት፣ ቀጥሎ 247፣ መጨረሻ ላይ 238። ካሣውም ያው 500 ዶላርና ነጻ ሰርቪስ። ፈረስ የጠየቀ ሰው ዘይት ተቀየረለት፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት?

ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የእነዚህን የማይታዩ ፈረሶች ጌታ ስም የለሽ ማስቀረት ነውር መስሎ ስለታየኝ አባ ብሮሹር ብዬዋለሁ።

የአባ ብሮሹር ገናና ዘመቻ ግን በፎርድ ቤት የተካሄደው ነው። የ1999 ሙስታንግ ኮብራ 320 ፈረስ ተብላ ወጣች፤ የቀድሞዋ 305 ነበረች። ባለቤቶቹ ደስ ብሏቸው መንዳት ሲገባቸው መኪናቸውን ዳይኖ ላይ አወጧት። ዳይኖ ማለት ጎማው ሮለር ላይ እየተሽከረከረ ጉልበቱን የሚያሳብቅ፣ ሐሜተኛ መሣሪያ ነው። ቁጥሩ አነሰ። እዚህ ላይ ለእንዲህ ያለው ቀን ተጠብቆ የኖረ መልስ አለ፦ በወረቀት ያለው ጉልበት የሞተሩ እንጂ የጎማው አይደለም፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻሉ በመንገድ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። መልሱ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የሚጠቅመው። ጥፋቱ የደንበኞቹ ነው፤ ይህንን ከነስሌቱ ያውቁት ነበር። አዲሷን ከአሮጌዋ ኮብራ ጎን ቢያነጻጽሯት የተጨመሩት 15 ፈረሶች የሉም። ካምቢዮ መቼም አሮጌ መኪና አይቶ አያዳላም።

ፎርድ በዚያው ክረምት ሽያጩን አቆመ፣ የተሸጡትንም መልሶ ጠራ። አየር ማስገቢያውን፣ የሞተሩን ኮምፒውተር፣ ከኋላ ያለውን የጭስ ማውጫ ከነማርሚታው ቀየረላቸው። ለካ ፈረሶቹ አልጠፉም፤ ሲገቡም ሲወጡም በር ጠቧቸው ተፋፍገው ነበር። መደበኛዋ የ2000 ኮብራም ጭራሽ ሳትሠራ ቀረች። ጥቂት ነገረኞች ሮለር ላይ በመውጣታቸው አንድ ሙሉ ዘር ተቋረጠ፤ ጸጸት እንኳ አይታይባቸውም።

ህዩንዳይም በ2002 በአሜሪካ ለአሥር ዓመት ገደማ በሸጣቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪኖች ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ መግለጹን አምኗል። አንድ ጊዜ ሲሳሳቱ ስሕተት ነው፤ አሥር ዓመት ሲሆን ግን ልምድ ይባላልና ሊከበር ይገባዋል።

የጥበቡ አባቶች ግን የጥንቶቹ አሜሪካኖች ናቸው። እስከ 1971 ሞተሩን አውጥተው፣ ያለ አየር ፊልትሮ፣ ያለ ማርሚታ፣ ዲናሞም ሳያዞር ባዶውን ይለኩት ነበር፤ ለልጁ ሚስት ሊያጭ የሄደ ሽማግሌ የጎረቤቱን በሬ ከልጁ ከብት ጋር አብሮ እንደሚቆጥር። በ1972 ሞተሩ ከነሸክሙ ይለካ ተባለ። የካዲላክ ኤልዶራዶ ባለ 8.2 ሊትር ሞተር በ1971 ባለ 365 ፈረስ ነበር፤ በዓመቱ 235 ሆኖ አደረ። 130 ፈረስ አንድ ጥይት ሳይተኮስ! ለነገሩ መኪናዋ እንደ ወትሮው ትሄድ ነበር፤ ፈረሶቹ ቀድሞም ሲጎትቷት አልነበረምና።

መቁጠር አይችሉም የሚል ክፉ አንደበት እንዳይነሣ ደግሞ ጃፓኖቹን ልጥራ። ከ280 ፈረስ በላይ አናውጅም ብለው ተስማምተው እስከ 2004 ዘለቁ። የኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር በወረቀት 280 ላይ ቀጥ ብላ ቆማ በመንገድ ላይ ትበልጥ ነበር። አንድ እንኳ ሳያልፍ 280 ላይ የሚያቆም ሰው ቁጥር ጠንቅቆ ያውቃል። ስሌቱ እንዳይሳሳት ሲፈለግ አይሳሳትም።

በዚህ ሙያ አንድ ሞኝ ብቻ አልፏል፤ እሱም ጄምስ ዋት ነው። የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ የፈረስ ጉልበትን ሲተምን፣ ተራ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ከሚችለው አብልጦ ገመተ። የአሥር ፈረስ ሞተር የገዛ ሰው ከአሥር ፈረስ ሥራ በላይ አገኘ። ፈረሱን አጋንኖ ሞተሩን በልኩ መሸጥ! ዛሬ ቢሆን ከሽያጭ ክፍል በማግስቱ ይባረር ነበር።

ለአምራቾች የምመክረው ዕቃቸውን ወደ እኛ እንዲልኩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ በሳሳ አየር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የእንጦጦን አቀበት ሲወጣ ያቃሰተ መኪና ስንቱ ፈረስ ከፋብሪካ እንደቀረ፣ ስንቱን ከፍታው እንደበላው ማን ይለይለታል? አንድ ስጋት ብቻ ነበረኝ፤ ከ2024 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይምግም። ለካ ስጋቴ ከንቱ ነበር። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ መኪናውን በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ እያስኬደ ባትሪው የሚወስደውን ርቀት ያወጣል፤ ቁጥሩም እጅግ ያማረ ነው። ያንን ቁጥር አምኖ ሐዋሳ ሊገባ የተነሣ ካለ ስልኬ ክፍት ነው፤ ስልኩም አብሮ ሳይዘጋበት ከሻሸመኔ ወዲህ ይደውል።