የማይወድቅ ፍተሻ ውዳሴ

አውቶሜክን የመሳሰሉ የግንባታ ሶፍትዌሮች፣ ማለትም የምንጭ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለወጥበትን ሂደት የሚመሩ መሣሪያዎች፣ በትክክል መሥራታቸው የሚረጋገጠው ብዙ ጊዜ በሼል፣ ይኸውም ለኮምፒውተር ትእዛዝ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በተሰናዱ የፍተሻ ስክሪፕቶች ነው። ስክሪፕቶቹ እያረጁ ሲሄዱ አንድ ባለሙያ ተነሥቶ «ማዘመን» የተባለውን ቅዱስ ተግባር ይያያዘዋል፤ ለዚህ ሰው የሚመጥን ውዳሴ እስካሁን አለመቅረቡም የሙያው ነውር ነው።

በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው የቦርን ሼል የአንድን ትእዛዝ ውጤት በሌላው ውስጥ ለመተካት የሚጠቀምበትን ያጋደለ ጭረት ባለሙያው በዶላር ምልክትና በቅንፍ ይለውጠዋል፤ የሶላሪስ 10 ስርዓተ ክወና ነባር ሼል አዲሱን አጻጻፍ እንደማያውቀው የሚያስታውስ ሽማግሌ ቢገኝ ኋላ ቀር ተብሎ ይታለፋል።

ከሁሉ የሚልቀው ገድል ግን መውደቅ ያለበት ነገር መውደቁን በሚያረጋግጡ ፍተሻዎች ላይ የሚፈጸመው ነው። የተበላሸ መመሪያ ሲሰጠው «ሜክ» የተባለው ፕሮግራም እምቢ ማለት ስላለበት፣ አሮጌው ስክሪፕት «ሜክ ከተሳካ በ1 ውጣ»፣ ማለትም «ወድቋል» በል፣ የሚል ሻካራ መስመር ይዟል። ባለሙያው ይህን ተጸይፎ ከትእዛዙ ፊት «!» የሚለውን የአሉታ ምልክት ብቻ ያስቀምጣል፤ መስመሩም ያጥራል፣ ያምራል፣ ውስጡን ግን ለቄስ ነው። በስክሪፕቱ ራስ ላይ ያለው፣ ስህተት ሲገኝ ሥራው እንዲቋረጥ የሚያዝዘው «ሴት ኢ» የተባለ ቅንብር፣ በፖሲክስ ደንብ መሠረት በ«!» የሚጀምርን ትእዛዝ ውድቀት አይቶ እንዳላየ ያልፋልና፣ መስመሩ የስክሪፕቱ መጨረሻ ካልሆነ በቀር «ሜክ» እምቢ ቢልም እሺ ቢልም ፍተሻው «አልፏል» ይላል።

በዚህም ፍተሻ ከሚፈትሸው ሶፍትዌር ጥገኝነት ነጻ ወጥቷል። ሶፍትዌሩ ቢበላሽ የማይደነግጥ፣ ቢታረም የማይደሰት ፍተሻ ስለተገኘ ስህተት የሚያርሙ ሠራተኞችን በክብር ማሰናበት ይቻላል፤ ውጤቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅም ስክሪፕቱን ማስኬድ መብራት ማባከን ይሆናል፤ የሚቀጥለው አዘማኝ ስክሪፕቱን በሙሉ ሰርዞ «አልፏል» የምትል አንዲት ቃል ቢተካበት የሚጎድል ነገር የለም፤ ከእርሱ የሚቀጥለውም የቃሏን አጻጻፍ ያዘምናል። አውቶሜክ የተዘለለ ፍተሻን ለማሳወቅ የሚጠቀምበት የመውጫ ቁጥር 77 እና ከባድ ስህተትን የሚያሳውቅበት 99 ጡረታ ይወጣሉ።

ሶፍትዌሩን ሆን ብሎ አበላሽቶ የተሻሻለው ፍተሻ መውደቁን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ መቶ ስክሪፕት መነካካት ስንፍና ነው፣ ያውም ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ይሁንና የለውጦች መዝገብ የሆነው ጊት እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ በነካው ሰው ስም ስለሚያሳይ፣ የሻካራውን መስመር ምክንያት ሊመረምር የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የባለሙያውን ስምና «ጽዳት ብቻ፤ የባሕርይ ለውጥ የለም» የሚል ማስታወሻ ነው። ማስታወሻውም አልዋሸም፤ ፍተሻው ከዚያን ዕለት ወዲህ ምንም ቢመጣበት ባሕርዩን ለውጦ አያውቅም።