የአስታማሚ ካርድ

በይፋት ቆላ ሰው እንቅልፍ ካጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ቢምቢው። ከዚያ ወባ። ከወባ በኋላ የሰው ዓይን፣ ከሰው ዓይን በኋላ ጫት፣ ከጫት በኋላ የድንበር ክርክር። አእምሮም እንደ ጨጓራ ሊታመም ይችላል የሚለው ሐሳብ ተራ የሚደርሰው፣ ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች ሁሉ ተመርምረው በነፃ ከተለቀቁ በኋላ ነው።

ጋሼ የምለው የእናቴ ታናሽ ወንድም ሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል፤ ማሾም ይዘራል። ቁጥብ ሰው ነው። ቀልድ እንኳ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም፤ አንዳንዴ የሳቅነው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ታዲያ አንድ ሰሞን ሌሊት እየተነሳ የሽንኩርቱን መደብ መቁጠር ጀመረ። ቆጥሮ ሲጨርስ ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር ይከራከራል። ሰውየው ለእኛ አይታየንም። ክርክሩን ግን እንሰማዋለን፤ ዋጋ ላይ አልተስማሙም። ጋሼ እየከሳ፣ ምግብ እያስቀረ፣ እኛን እየጠረጠረ ሲመጣ ጨዋታው ቀረ።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። መጀመሪያ ለወባ ደም ሰጠ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ደገኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቆላ ላይ የሚቃዥ ሰው ይዘህ ስትመጣ ወባን ሳያይ ወደ ሌላ የሚያልፍ ባለሙያ ካለ ሽሸው ነው የሚባለው። ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ ሰውን አስለፍልፎ አስለፍልፎ ይገድላል። ውጤቱ ነፃ ሆኖ መጣ። አክስቴ እልል አሉ። እልልታው እስከ ማታ አገለገለን፤ ማታ ጋሼ ተነስቶ ወደ መደቡ ሄደ።

በማግስቱ ምክር ይጎርፍ ጀመር። ይፋት ውስጥ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ግቢ ስለምንኖር ምክሩም ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። የጎረቤታችን የሐጂ ባለቤት «ጻድቃኔ ማርያም ውሰዱት፤ የስንቱ ሰው ሰንሰለት እዚያ ተፈትቷል» አሉ። ቄሱ ደግሞ «ጠበሉ አይቀርም፤ እስከዚያው ግን ሸኹ ዱዓ ቢያደርጉለት ምን ይጎዳል?» አሉ። የባጃጅ መለዋወጫ ከእኔ ሱቅ የሚገዛ አንድ ሾፌር፣ የሞተር ድምፅ ሲቀየር እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጋሼን ካዳመጠ በኋላ «ይኼ ለስፔሻሊስት ነው» ሲል ፈረደ። ከሁሉም የሠራልን የእሱ ፍርድ ነው። ሁሉንም ምክር ግን ተቀብለናል፤ የሸኹ ወዳጃም ተደርጓል፣ ጠበሉም ተጠምቋል። ደረሰኝ የሌለው ሁሉ የማይረባ፣ ደረሰኝ ያለው ሁሉ የሚረባ ነው ብዬ አልከራከርም። በወዳጃው ማታ ቡናው ሲዞር ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሐል ተቀምጦ አምሽቷል።

ወደ ስፔሻሊስት ለመሄድ የሚያስደፍረን አንድ ነገር ነበረን፤ የመድን ደብተር። ጋሼ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የታጩት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ተሁለደሬ እኛው መንገድ ላይ፣ ደሴን አለፍ ብሎ ያለ ወረዳ ስለሆነ ወሬው በሹፌር አፍ ደርሶን ነበር፤ በዓመት አንዴ ትከፍላለህ፣ ስትታመም ኪስህን አይነኩህም። አባወራው ቤተሰቡን አስመዝግቦ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። የሚያሳዝነው ደሞዝተኛው ነው። ለእሱ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የታሰበለት ማኅበራዊ ጤና መድን ለዓመታት ሲንከባለል ስለኖረ፣ በዚህ ነገር ገበሬው ቀድሞታል። ደብተሩን ገልብጬ አየሁት። «ከአንገት በላይ አይመለከትም» የሚል የለበትም።

መድኑ ግን በመሰላል ነው የሚሄደው። ከጤና ጣቢያ ትጀምራለህ፤ እሱ ወደ ሆስፒታል ይጽፍልሃል፤ ያኛው ወደሚበልጠው ይጽፍልሃል። መሰላሉን ዘለህ ከወጣህ ከኪስህ ትጨምራለህ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ስፔሻሊስት ዘንድ እንዳይሰለፍ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ ኖረዋል። የእኛ ጤና ጣቢያም የሠለጠነ ሰው ነበረው። ነበረው ነው የምለው፤ ሠልጥኖ መጣ፣ ሥራውን ለመደ፣ ተዛወረ። የተተካው ልጅ ቅን ነው፤ ሪፈር ጻፈልን። ፊርማውን ፈረመ። ማኅተሙ ግን ሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባውን ተከትዬ ሄድኩ። ምሳ ወጥቷል። ምሳ ቤቱን ተከትዬ ሄድኩ። ቡና ላይ ናቸው አሉኝ። ያንን ማኅተም ያሳደድኩትን ያህል ሚስት ፍለጋ አልደከምኩም። መጨረሻ ላይ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባጃጅ ውስጥ አገኘሁት፤ ማኅተሙ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ መታልኝ።

ሌሊቱን ጋሼ ከዋጋ ሰውየው ጋር አደረ፣ እኔ ከጋሼ ጋር። ንጋት ላይ መኪና ተሳፈርን።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማበር 3,000 ሜትርን ያልፋል። በኪሎ ሜትር ሲለካ ሮቢት ከደብረ ብርሃን መቶ አይሞላም፤ ወሬው ላይ ቅርብ ነው። ነገር ግን ያ መንገድ የሚያልፈው ገደል ለገደል ነው። ጆሮህ ይደፈናል፣ ጉም ይጋርድሃል፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወደ 600 ሜትር ርዝመት የፈለፈለው ዋሻ ይውጥሃል። ሮቢት ላይ በሸሚዝ ያላበው ሰው ዋሻውን ሲወጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጋሼ ይህን ስለሚያውቅ ኮቱን፣ ጋቢውንና ባርኔጣውን አድርጎ፣ ፂሙን ተላጭቶ ነበር የወጣው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛ። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ለጥ ብሎ ተኛ። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው መኪና ላይ ተኛ! እኔ በነጠላ ጫማና በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ የሰነድ ፌስታል ታቅፌ ስንቀጠቀጥ ደረስን።

ከጣርማበር በላይ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙን ልተወው። በር ላይ ጥበቃው ሁለታችንንም አየ። ጋሼን በአክብሮት እጅ ነሣው። እኔን ክንዴን ያዘኝና «ና ወንድሜ፣ አይዞህ፣ ደርሰሃል» አለኝ። እርዳታ መስሎኝ ተከተልኩት። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠችው ነርስ ለጋሼ ወንበር ሰጠች።

«ጋሼ፣ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችው፣ ወደ እኔ እየጠቆመች።

ጋሼ ፊቱ ንቅንቅ ሳይል «ሪፈር ወረቀቱ ከተጻፈ ወዲህ ነው የባሰበት» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «እሺ የኔ ወንድም፣ ሌሊት እንቅልፍ አለህ?»

«የለኝም፤ ግን—»

«የሚከታተልህ ሰው አለ?»

«የሚከታተለኝ የለም። እኔ ነኝ የተከታተልኩት። ማኅተም የያዘውን ሰውዬ። ስብሰባ ድረስ፣ ምሳ ድረስ…» እየተናገርኩ ሳለ ብዕሯ ሲፈጥን አየሁ። «ሲስተር፣ እኔ አስታማሚው ነኝ!»

«ልክ ነህ» አለችኝ በለዘበ ድምፅ። «ብዙዎቹ እንደሱ ነው የሚሉት።»

በጮኽኩ ቁጥር ይብስብኛል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ዝምታውን ትጽፈዋለች። የገላገለኝ ጋሼ አይደለም፤ እሱ ቆሎውን አውጥቶ ይዘግናል። የገላገለኝ በመድን ደብተሩ ላይ ያለው የጋሼ ጉርድ ፎቶ ነው። ለእኔ መድኑ የሠራልኝ ነገር ቢኖር ይኼው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በምስጋና ነው የማወራው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልቸኮለም። እኔን ወደ ውጭ አወጣኝና ከጋሼ ጋር ረጅም ጊዜ ቆዩ። ጋሼ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሮቢት ድረስ ሲገባ ያየውን፣ ለሚስቱም ለእህቱም ያልተናገረውን ተናግሮ ነበር። «ለምን ለእኛ አልነገርከንም?» ብለው፣ «እናንተ መቼ ጠየቃችሁኝ? የጠየቃችሁኝ ‹ለምን አትተኛም› ብላችሁ ነው» አለኝ። ማታ ማታ የሚዋጥ ኪኒንና በወር በወር የሚወጋ መርፌ ታዘዘለት።

መርፌው መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ከውጭ ገዝተህ ደረሰኙን ስታመጣ መድኑ እንዲተካልህ ግን ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም መመታት አለበት። መድኃኒቱ የለም፤ የለም የሚለው ማኅተም አለ። ደግሞም ያለ ስብሰባ፣ ያለ ምሳ፣ ወዲያው ነው የተመታልኝ። ከውጭ የገዛሁበት ዋጋ ጋሼ በሌሊት ሲከራከርበት ከነበረው ሳይበልጥ አይቀርም።

ቁልቁል ስንመለስ ሒሳብ ሠራሁ። የምርመራውን መድኑ ከፈለ። የመኪናውን፣ የምሳውን፣ የተዘጋውን ሱቄን፣ ውኃ ያልጠጣውን ሽንኩርት ማንም አልከፈለም። ጉልበቱን የታመመ ሰው ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ሊሄድ ይችል ይሆናል። በዚህ ሕመም ግን የሚጓዙት ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ መድኑ የሚያውቀው አንዱን ነው፣ እሱንም ከሆስፒታሉ በር ወዲያ። ደብረ ብርሃን ለተወለደ ሰው ይህ ደብተር ሙሉ መድን ነው። ሮቢት ለተወለደ ግማሽ ነው፤ ከሮቢት ወረድ ብሎ በአርጎባው ቀበሌዎች ለተወለደ ሩብ መሆኑ ነው። ሁሉም ግን ያዋጣል። በዚያ ላይ መርፌው የወር ነው፤ መንገዱ ግን የራሱ ቀን አለው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት የተነሳ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል፤ የቀረ መርፌ ደግሞ ጋሼን መልሶ መደብ ያስቆጥረዋል።

ታዲያ መፍትሔው የማይታወቅ ሆኖ አይደለም። ድሮ ድሮ አገሩ በሙሉ በ1930 ዓ.ም. የተከፈተውን የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን ብቻ ነበር የሚያየው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ የሚበልጥ ሰው ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ገጠሩም ውስጥ እንዳለና አብዛኛው ታማሚ ሐኪም አይቶ እንደማያውቅ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች መታከም፣ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከመታከም እንደማያንስ በሙከራ ተረጋግጧል። እንግዲህ መርፌው ወደ ቆላ ይውረድ ነው ነገሩ፤ አንድ ካርቶን መርፌ ዳገቱን መውረድ፣ ስንት ጋሼና ስንት የእህት ልጅ በየወሩ ከመውጣቱ አይከብድም። ሠልጥኖ የመጣውን ባለሙያ ለማቆየትም ከሪፈር ማኅተም የበለጠ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው በስልክ ሳቀብኝ። እዚያ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ መድን ድርጅቱ የአእምሮ ሕክምናን ከሸፈነ ከሰውነት ሕክምና አሳንሶ እንዳይከፍልለት ያስገድዳል። «ታዲያ ታከምክ?» ብለው፣ መድኑ ከሰጠው የሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ ግማሹ አዲስ ሰው አይቀበልም፣ ግማሹ ስልክ አያነሳም አለኝ። በሕግ እኩል መሆንና ሐኪም ፊት መቀመጥ እዚያም ተራርቀዋል። ልዩነቱ እሱ ሲደውል ሶፋ ላይ መሆኑ ነው።

ጋሼ አሁን ይተኛል። ሽንኩርቱን ቀን ይቆጥራል፣ ለነጋዴ። ባለፈው የመድኑ እድሳት ሲደርስ አብረን ሄድን። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ የቤተሰቡን ስም በየተራ አነበበና «የሚጨመር ሰው አለ?» ሲል ጠየቀ።

ጋሼ ወደ እኔ ጠቆመ። «ይኼን ልጅ ጻፈው» አለው። «ባለፈው እዚያ ላይ ካርድ ሊያወጡለት ምንም አልቀራቸውም ነበር።»

ጸሐፊው ልጅህ ነው ወይ አለው። የእህቴ ልጅ ነው፣ አለ ጋሼ። እሱን ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። ጋሼ ብሩን ቆጥሮ ሰጠ፣ ደረሰኙን ኪሱ ከተተ፣ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ ለሚቀጥለው ወር ሹራብ ግዛ» አለኝ።