«ትናንት ሊስትሮ ነበር!» አዎ፣ ነበር

መስቀል ወይም አረፋ ሲደርስ የጉራጌ ከተሞቹ ወልቂጤና ቡታጅራ መኪና ይበዛባቸዋል፤ ምላስም አብሮ ይበዛል። ከመርካቶ የገባው፣ ከጆሃንስበርግ የመጣው፣ ከጅዳ የተመለሰችው ዋናው መንገድ ላይ ብቅ ሲሉ ተረበኛው የእንኳን ደህና መጣችሁን ተራ አይጠብቅም። የሰውን የድሮ ኑሮ መዝዞ ይወረውራል። የሚወረውረው ደግሞ ሁልጊዜ ግማሹን ነው። ዘንድሮ ዝም ብዬ አላልፈውም፤ አንድ በአንድ እመልስለታለሁ።

«ይሄ እኮ ትናንት ሊስትሮ ነበር!»

አዎ፣ ነበር። ሣጥኑን አንግቶ ከንጋት እስከ ማታ ይዞር ነበር። ጫማህን ሲጠርግ ካልሲህን አላቆሸሸም፤ ብር ሰጥተኸው መልስህን አላጎደለም። ፊትህን አይቶ ትከፍል እንደሆነ፣ «ነገ እሰጥሃለሁ» ትል እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከዕለት ገቢው ላይ እቁብ ይጥል ነበር፤ ዕጣው ሲወጣለትም በልቶ አልጨረሰውም፣ ዕቃ ገዛበት። ደንበኛ መያዝን፣ ገንዘብ ማዞርን፣ ቃል መጠበቅን ሌላው ከፍሎ ኮሌጅ ሲማር፣ እሱ አስፋልት ዳር ተማረው። ዛሬ ሱቁ ሲሞላ «ገንዘብ ለወጠው» ትላለህ። ገንዘቡን ማን አመጣውና? ያው ሣጥን አንጋቹ ልጅ ነው።

ነገሩን ወደ ኋላ ብትወስደውም ያው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች። በዚያው ዘመን ጉራጌ አገር በምኒልክ ግዛት ሥር ገባ፤ ግብር በገንዘብ ተጠየቀ። የእንሰት ማሳው ጠባብ ነው፣ ገንዘቡ ያለው ከተማ ነው። ጎልማሳው ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ተሸከመ፣ ቆፈረ፣ ቆይቶም ነገደ። ከተማ ሲደርስ ግን ባዶ ሰው አልነበረም። ዛሬ ተክሎ ከዓመታት በኋላ የሚበላውን ተክል የሚያሳድግ ገበሬ ነበር፤ መጠበቅን የሚያውቅ፣ የዛሬን ረሃብ ችሎ የነገን ማሳ የማይነካ። መርካቶ ውስጥ «ጉራጌ ቆጣቢ ነው» ሲባል የሰማኸው ጠባይ የተማረው መርካቶ አይደለም። እንሰት እስኪጎለምስ ድረስ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፤ ሰውም ሲዛወር ሥሩን ይዞ ነው።

«ፈረንጁ የተማረ ነው፤ የእኛው ግን ስደተኛ!»

እንግዲህ ስለ ፈረንጅ ካነሣህ ቁጭ በል። ቮልፍ ሌስላው የሚባል ሰው ነበር። የጉራጌን ቋንቋዎች በጆሮው ሰምቶ በእጁ የመዘገበ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሊቅ ነው። እዚህ ከመምጣቱ በፊት ማን ነበር? በ1906 እ.ኤ.አ. ፖላንድ ተወለደ። ለትምህርት ቪየና ሄደ፤ ከቪየና ፓሪስ ገባ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አይሁዳዊው ሌስላው ፈረንሳይ ውስጥ ማጎሪያ ካምፕ ገባ። በ1942 እ.ኤ.አ. አምልጦ አሜሪካ ደረሰ፤ በ1946 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጣ። በል አሁን ንገረኝ፤ ስደተኛው ማን ነው? አገር አጥቶ፣ ታስሮ፣ አምልጦ የመጣ ሰው ነው የእናትህን ቋንቋ በመዝገብ ያስቀመጠልህ። የእሱን ስደት «ታሪክ» ብለህ ታከብራለህ። የጎረቤትህን ልጅ ስደት ለመስደቢያ ታውለዋለህ።

ሌላም ልጨምርልህ። ዊልያም ሻክ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ቺካጎ የተወለደ። ሰው በቀለሙ በሚለይባት አሜሪካ አድጎ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቸሃ ጉራጌዎች መካከል ገብቶ ኖረ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌና ስለ እንሰት ባህል የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ከሞተ በኋላ የታተመው ሥራው ደግሞ ከአሜሪካ ወጥተው ፓሪስ ስለኖሩ ጥቁር ሙዚቀኞች ነው። አየህ፣ ቤቱን ለቆ የሄደ ሰው የት ገባ ብሎ ብቻ አልጠየቀም፤ ምን ይዞ እንደሄደም ጠየቀ። አንተ ለዚህ ጥያቄ ዲግሪ አያስፈልግህም፤ ጎረቤትህ ነው።

ቡታጅራ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባት። በ1986 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የጤና ጥናት የጀመሩት እዚሁ ነው። ስዊድናዊው ሲመጣ ትምህርቱን ጠየቅን፣ ማዕረጉን አወቅን፣ ወንበር አቀረብን፤ ደግ አደረግን። ግን ቤት ለቤት እየዞረ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከቀበሌው እንደወጣ የመዘገበው የአካባቢው ልጅ ነበር። ጭቃውን የረገጠው፣ ልጅ የሞተባትን እናት በአክብሮት የጠየቀው እሱ ነው። እሱን የመሰለ ልጅ ነገ ውጭ ቢሄድ «ምን ሙያ አለው ብሎ ነው?» ትላለህ። ዓለም ያነበበውን ጥናት በእግሩ የሠራው ልጅ ሙያ ከሌለው፣ ሙያ ያለው ማን ነው?

«እሷማ ማጀት ነበረች፤ ምን ታውቅ ነበር?»

ይህቺኛዋ ተረብ በጣም ታናድደኛለች። ማጀቱን ገብተህ አይተኸው ታውቃለህ? እንሰቱ ይቆረጣል፣ ይፋቃል፣ አምቾው ይፈጫል። በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ በየጊዜው ይገለበጣል፣ ይታሻል። መብሰሉን የሚነግር ሰዓት የለም፤ በጠረኑ ታውቀዋለች፣ በእጇ ትለየዋለች። ቡላውን ለብቻ አውጥታ ታደርቃለች። ከዚያ ቆጮውን ገበያ ወጥታ ትሸጣለች፤ ሒሳቧን በልቧ ይዛ ጨው፣ ጋዝና ደብተር ገዝታ ትመለሳለች። በመካከሉ አያቷን ታስታምማለች፣ ታናናሾቿን ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ይህ የምግብ ዝግጅት ነው፣ ንግድ ነው፣ አስታማሚነት ነው፣ ቤት ማስተዳደር ነው።

ከዚያ ደላላው ዘንድ ሄዳ ቅጽ ይሞላላታል። ቁመት ተጻፈ፣ ክብደት ተጻፈ፣ ሃይማኖት ተጻፈ። «የሥራ ልምድ» የሚለው ላይ ሲደርሱ «የለም» ተብሎ ታለፈ። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሂያጆች ቢያንስ 8ኛ ክፍል መጨረስንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀትን ጠይቆ ነበር። ማረጋገጫ መጠየቁ ደግ ነው። ግን ማረጋገጫው የሚለካው ከአሠሪዋ ቤት የሚጠብቃትን ሥራ ነው፤ ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣችውን የሚመዝን ወረቀት ማንም አልሰጣትም። «ምንም አታውቅም» ተብላ የሄደች ልጅ ደመወዝ ስትደራደር አንገቷን ትደፋለች። በዓረብ አገሮች በሚታወቀው ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ገና ከቤቷ ስትወጣ አንተም በምላስህ ካዋረድካት፣ ለመብቷ የምትቆምበትን ጉልበት አስቀድመህ ወስደህባታል።

«ባዶ እጇን ተመለሰች!»

ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ያፈሩትን ሳይሰበስቡ በለበሱት ልብስ አውሮፕላን ላይ ወጡ። አንተ ግን ሻንጣ ቆጠርክ። ዓረብኛ ተናግራ መመለሷን አልቆጠርክም። ትልቅ ቤት ማስተዳደሯን፣ ሕፃን ማሳደጓን፣ የታመመ ሽማግሌ ማንሣቷን አልቆጠርክም። ከመሄዷ በፊት ቆጮ ነጋዴ እንደነበረችም ረሳህ፤ ብታስታውስ ኖሮ «ገበያው ላይ ያለው ቦታሽ ይኸው» ትላት ነበር። የተመለሰ ሰው ከዜሮ አይጀምርም፤ ከዜሮ እንዲጀምር የሚያደርገው ትናንቱን የሰረዘበት ሰው ነው።

«ዲግሪውን ጥሎ ብርድ ልብስ ያዞራል!»

ደቡብ አፍሪካ ያሉት ወንድሞቻችን ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክመው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ጆሃንስበርግ ጄፔ እየተባለ በሚጠራው ጎዳና ላይ ደግሞ ፎቁን ከታች እስከ ላይ በሱቅ ሞልተውታል። ከእነሱ መካከል እዚህ ጠመኔ ይዞ ያስተማረ አለ። ትምህርቱን አልጣለም። በዱቤ የወሰደውን ሁሉ ስም በስም የሚመዘግበው፣ የማያውቀውን ቋንቋ በወራት የሚለምደው፣ ከዘራፊ ጋር በዓይን ተነጋግሮ የሚያመልጠው ያ አርባ ልጅ በአንድ ክፍል ዝም ያሰኝ የነበረ መምህር ነው። የሚያሳዝነው ብርድ ልብሱ አይደለም። የሚያሳዝነው ደመወዙ ቤት ኪራይ አልሸፍን ያለው መምህር በረሃና ድንበር አቋርጦ እንዲሄድ የሆነበት ኑሮ ነው። ተረብህን ወደዚያ አዙረው፤ እዚያ ብትተርብ እኔም አብሬህ አለሁ።

«ሄዶ አገሩን ረሳ!»

ረሳ? ከአለምገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ ስትሄድበት የማን ገንዘብ ላይ ነህ? በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የአገሬው ልጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ መንግሥትን ወትውተው ያስጀመሩት ነው። መንገድ ለምን መረጡ? ሐኪም ቤት ሳይደርስ በቃሬዛ ላይ የሞተ ዘመድ ስለነበራቸው፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶ ያስቀራቸው ስለነበሩ ነው። ከተማ የገቡት ነጋዴዎች ገንዘቡን አመጡ፤ የት ላይ መዋል እንዳለበት የነገራቸው ግን ከመሄዳቸው በፊት የኖሩት ኑሮ ነው። ሰው ከሄደ በኋላ የሚሠራውን የሚወስነው ከመሄዱ በፊት ያየው ነው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

አንተም ስማ፣ መኪና ይዘህ የመጣኸው!

«እኛ ድሮም ቤታችን እንዲህ ነበር» ስትል ሰምቼሃለሁ። አልነበረም፣ ወንድሜ። ያሳፈረህ የቱ ነው? ሣጥኑ ነው? ቆጮ ሻጭ እናትህ ናት? አንተ ሸሽገኸው ልጅህ ሳያውቀው ቢያድግ፣ አባቱ ሰማይ ላይ የተወለደ ይመስለዋል፤ እሱ ሲወድቅ መነሻ ያጣል። ሊሄድ ሻንጣ የሚያስር ወጣትም ያንተን ሙሉ ታሪክ ቢሰማ «እኔም የማውቀው ነገር አለ» ብሎ ይሄዳል። ቤቱን አሳይ፣ ግን ከየት እንደጀመርክም ተናገር።

እኛ ሌሎቻችንም ሥራ አለብን። ልጅ ሊሄድ ሲል ምርቃትና ስንቅ ብቻ አናስይዘው። ያስተማረው መምህር፣ ያሠራው ባለጋራዥ፣ ገበያ ላይ የሚያውቋት እትዬ ይህ ልጅ ይህን ሠርቷል፣ ይህቺ ልጅ ይህን ትችላለች ብለው ይጻፉ፣ ይፈርሙ። ቀበሌውም ማኅተሙን ያሳርፍበት። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ከየክልሉ መጥተው ጉብርየ ይኖራሉ፤ እነሱንም «ከየት ነህ?» ብለን ዝም አንበል። ከመምጣታቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር እንጠይቃቸው፤ ከብት ያረባ፣ ሰሊጥ ያጨደ፣ አሣ ያጠመደ እናገኛለን።

በመጨረሻ ወደ አንተ ልመለስ፣ ተረበኛው። ነገ ቪዛ ቢመጣልህ «የሥራ ልምድ» የሚለው ቦታ ላይ ምን ትሞላለህ? «የለም» እንዳትል፤ እኔ አለህ እላለሁ። ከዚህ ከተማ ማን መቼ እንደወጣ፣ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ የማን ልጅ እንደሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህ የታሪክ አዋቂ ሙያ ነው። እንግዲህ ሙያህን አክብረው፤ የሰውን ታሪክ ስትናገር ሙሉውን ተናገር።